ከደጃፍ እስከ አፋፍ

ስካርቢ፣ ጁን 25 ቀን 1984

ወንድሜ አስገር፣

ይህ ሰላምታ ከእኔ ተነሥቶ አንተ ያለህበት ደሴት እስኪደርስ ሁለት መርከብና አንድ ሰነፍ ፖስተኛ ያልፋል፤ ሲደርስ ቢቀዘቅዝ በእኔ አትፍረድ። ኦሉቫን ሳምልኝ። ሚስትህ ናትና ለራስህም ብለህ ደግመህ ብትስማት አይከፋም።

ጥያቄዎችህን በተራቸው ልመልስ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ጥያቄ ሲዘለል አትወድም።

ስልኩ ደህና ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የሌለው ምሰሶው ነው። ማርች ላይ ከነሽቦው ባሕር ገባ። የስልክ ሠራተኞች መጡና አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩት፤ አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ቀብር የመጡ ነበር የሚመስሉት። እንዳትደነግጥ፤ ምሰሶው የነበረው ከቤቱ በስተሰሜን ነው፤ እዚያ ጋ ገደሉ ሌላ ጠባይ አለው። ብቻ ከእንግዲህ ስትቆጣ በጽሑፍ ተቆጣ።

ውኃም አለኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ዋናውን ቧንቧ ስለዘጋው ከግቢው የእጅ ፓምፕ እቀዳለሁ። ባልዲ ይዤ አሥራ አራት እርምጃ መሄድ፣ አሥራ አራት መመለስ። ሐኪሙ ካዘዘልኝ እንክብል ይሻላል።

ወደ ከተማ ስለመግባት የጠየቅኸኝን ባትጠይቀኝ እመርጥ ነበር። በአረጋውያን መኖሪያው አንድ ክፍል እስከ ገና ድረስ በስሜ ተይዟል። ይያዝ። እኔ የምመራው በአባባ ሕግ ነው፤ «አሥር እርምጃ ሲቀር ጥያቄ የለም፣ ትወጣላችሁ።» እስከዚያ ድረስም ጥያቄ የለም ማለት ነው።

እና ቁጥሩ። በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ ከትናንት ወዲያ፣ መንደሩ አሸዋው ላይ እሳቱን ከማንደዱ በፊት፣ እንደ ደንባችን ወደ ባሕሩ ከሚከፈተው በራችን እስከ ገደሉ አፋፍ ቆጠርሁ። አሥራ ስምንት። አምና አሥራ ስምንት፣ ካቻምናም አሥራ ስምንት። በአባባ ቢላ፣ በቀኙ መቃን ላይ፣ ከአባባ ቁጥሮች ሥር ቀረጽሁት። ጎረቤቴ ቪጎ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ያየኛል።

«ስንት አለ?» አለኝ።

«አሥራ ስምንት።»

«አሁንም? ጾም ያዘ እንዴ?»

ቪጎ አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው፤ ባሕር ጾም እንደማይዝ ያውቃል። እኔ ግን የአባባን መልካም ዓመታት አስታውሳለሁ። በ1948 ስድሳ እርምጃ፣ ሃምሳ ላይ ስድሳ ሦስት፣ ሃምሳ ሁለት ላይ ስድሳ ስድስት፣ ሃምሳ አራት ላይ ሰባ! ባሕሩ መሬታችንን እየመለሰልን ነበር። አባባ በሞተ በዓመቱ እኔ ስቆጥር ሃምሳ አንድ ሆኖ አገኘሁት። አሥራ ዘጠኝ እርምጃ በአንድ ክረምት! እማማ ያኔ ምን እንዳለች ታስታውሳለህ? ምንም አላለችም። መንደሩ ነው «ባሕሩ ሽማግሌውን አክብሮ ነው የጠበቀው» ያለው። እንግዲህ እኔንም ያከብረኝ ጀምሯል።

አንድ ነገር አደራ። ጣራቸው ላይ ሣር አብቅለው የሚኖሩ ሰዎች አገር መግባትህ የራስህ ጉዳይ ነው። ግን ለማጨድ አንተ እንዳትወጣ።

እህትህ ቶራ

*

ቶርሻቭን፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1984

እትዬ ቶራ፣

ሁለት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅርታ። ምክንያቱ አሰልቺ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ጣራው ታጭዷል። ማን አጨደው አትበዪኝ።

የለም፣ አልታመምሁም። የእጅ ጽሑፌ የተንጋደደው አልጋ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው፤ አልጋ ላይ የሆንሁትም ስለሚመቸኝ ነው።

በኋላ በላክሽው ደብዳቤ ለጠየቅሽኝም፣ የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት አልፈረምሁም። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ያለ ሁለታችን ፊርማ ማንም አያፈርሰውም። እኔ ካንቺ ቀድሜ አልፈርምም። ይህን ካወቅሽ አሁን የምጠይቅሽን ያለ ክፋት ትሰሚኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዳሌሽ እንዴት ነው? ስትቆጥሪ የትኛውን ጫማ አድርገሽ ነበር? በሚቀጥለው ጊዜስ ቪጎ ቢቆጥር ምን ይመስልሻል? ቪጎ ረጅም ነው፤ እንደ አባባ።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። አባባ ቁጥር ሲያስተምረን እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንቺን በእጁ ይዞ፣ ከበሩ እስከ ፓምፑ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር። ሰባት ሲል እጄን ዘርግቼ የፓምፑን እጀታ እይዛለሁ። ሁልጊዜ ሰባት ላይ። ታስታውሺያለሽ?

እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ወንድምሽ አስገር

*

ስካርቢ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1984

አስገር፣

አስታውሳለሁ። አንተ ስድስትን ትዘል ነበር። ስለዚህ ነው መሐንዲስ የሆንኸው።

ዳሌዬ ዳሌ ነው። በሰባ ስድስት ዓመቱ የማያማርር ዳሌ ካለ አምጣልኝና እገዛዋለሁ። ጫማዬ የእግሬን ልክ የሚያህል ጫማ ነው። ሐኪሙም፣ መቼም ሳትጠይቀኝ አትቀርም፣ በትር እንድይዝ መክሮኛል። ይዣለሁ። ይኸው፣ ደበቅሽኝ እንዳትል።

ቪጎ ስለ መቁጠሩ፦ አይቆጥርም። በዚህ ግቢ የሚቆጥረው የቤቱ ባለቤት ነው። አባባ ቆጠረ፣ ከአባባ በኋላ እኔ ቆጠርሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ወጣት መሐንዲስ እንኳ በኤፕሪል የጨርቅ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ከበሩ ውጭ አስቁሜ «ልጄ፣ ይሄ ጨርቅ ዝናብ ሲመታው ይሳባል» ብዬ መልሼዋለሁ። ደግ ልጅ ነው፤ ሳቀና «እትዬ ቶራ፣ እኔም እኮ ዝናብ መትቶኛል፤ አልተሳብሁም» አለኝ። በሚቀጥለው ኤፕሪል ይመለሳል። እስከዚያ ሻይ አጠጥቼ ሸኝቼዋለሁ።

ደግሞ ቪጎ እንደ አባባ ረጅም ነው ማለትህ ምን ለማለት ነው? እኔ አጭር ነኝ? ከሆነም በልጅነታችን ነበር መንገር።

ስለ መውጣት ልታነሣ እንደሆነ ስለገባኝ፣ እኔም አንድ ነገር ደግሜ ልንገርህ። በሃምሳ ሁለት መንግሥት ለአባባ ከባሕሩ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ጥቁር መሬት፣ በዚህ አሸዋ ምትክ ሊሰጠው መጥቶ ነበር። አባባ መኰንኑን እጁን ይዞ ወደ መቃኑ ወስዶ ቁጥሮቹን አሳየው። «ባሕሩ እየመለሰልኝ ሳለ የምሄደው ምን ሆኜ ነው?» አለው። መኰንኑ ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ቁጥር እንዲህ ነው። እኔም መኰንኑን ሁሉ በቁጥር ነው የምመልስ፤ ወንድሜን ጨምሮ።

በነገራችን ላይ፣ አባባና እማማ በአዲሱ መቃብር ደህና ናቸው። መቃብር ቦታው ወደ ውስጥ ከተዛወረ አምስት ዓመቱ፤ በዚህ መንደር ማዘጋጃ ቤቱን የታዘዙት ሙታን ብቻ ናቸው።

ቶራ

*

ስካርቢ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1984

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳልጠብቅ የምጽፍልህ አንድ የሚያስቅ ነገር ስለገጠመኝ ነው። የሚያስቀው ለእኔ መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ዛሬ ጠዋት ቪጎ የእሑድ ኮቱን ለብሶ መጣ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ግን ቪጎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሲሞት ነው። በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ጥቁር ዳቦ ቆርጬ ቁርስ በላን። ከዚያ ተነሣና በባሕሩ በር ወጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወደ አፋፉ ይራመድ ጀመር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ቪጎ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ለእግሬ ጤና ነው።»

«እግርህ ድምፅ ያወጣል እንዴ? ሦስት፣ አራት ስትል ሰማሁህ።»

«እየጸለይሁ ነው።»

«በቁጥር?»

«ሉተራን አይደለን፤ አጭር አጭሩን ነው የምንጸልይ።»

በመጥረጊያ አስወጣሁት። ሽማግሌ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው ያስወጣሁት። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ ሳይስቅ፣ «ቶራ፣ ባሕሩ አፍሽን አይሰማም» አለኝ። ቪጎ ሳይስቅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሰው የላከው መሰለኝ። ማን እንደሆነ ባውቅ እሱንም በመጥረጊያ ነበር የምጽፍለት።

ከሄደ በኋላ፣ ልቤ አላርፍ ስላለኝ፣ ጊዜው ባይሆንም ወጥቼ ቆጠርሁ። አሥራ ስድስት። ስለዚህ ሁለት ወስዷል። ይሁን፤ ክረምት ነው። አሥራ ስድስት ከአሥር በስድስት ይበልጣል፤ ይህን ለአንደኛ ክፍል ልጆች አስተምሬ አውቃለሁ።

ሌላ ወሬ የለም። የምሥራቁ ክፍል ጭስ ማውጫ ስለተሰነጠቀ ምድጃው አይነድም። አልጋዬን በባሕሩ በኩል ወዳለው ክፍል አዛውሬዋለሁ። ይሞቃል። ማዕበሉ ገደሉን ሲመታ ይሰማል፤ ግን እንቅልፍ አያሳጣም፤ እንደ ሰው ትንፋሽ ነው።

ቶራ

*

ቶርሻቭን፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1984

እትዬ ቶራ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ምናልባት ካንቺ ደብዳቤ ጋር ባሕር ላይ ይተላለፉ ይሆናል፤ ግድ የለም።

ቪጎን የላክሁት እኔ ነኝ። ደወልሁለት። ትናንት መልሶ ደውሎ «በመጥረጊያ አባረረችኝ፤ አራት ላይ ነበርሁ» አለኝ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሽማግሌውን ተይው።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ፤ ያንን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም። ኦገስት ላይ ጣራዬ ላይ ወጥቼ ወደቅሁ። ሣሩን ያጨድሁት እኔ ነኝ፤ ሲሶውን። የቀረውን የኦሉቫ ወንድም ጨረሰው፤ እየሳቀብኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ እስከ ጉልበቴ በጄሶ ታሽጓል፤ ገና አልዳነም። አንቺ ከልክለሽኝ ስለነበር ልነግርሽ አፈርሁ። ሰባ አንድ ዓመት ሆኖኝ ታላቅ እህቴን እፈራለሁ፤ በይ ሳቂ።

ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ በክራንች ደብዳቤሽን ከሣጥኑ ላወጣ ወጣሁ። ከበሬ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ሃያ ሁለት እርምጃ መሆኑን ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ፤ የአባባ ልጅ ነኝ፣ ሳልቆጥር አልሄድም። ያን ቀን ሃምሳ ሆነ። ኦሉቫን «ሣጥኑን ማን አራቀው?» ብዬ ጠየቅኋት። አየችኝና «ሣጥኑ እዚያው ነው፤ አንተ ነህ ያጠርኸው» አለችኝ።

ያንቺ የጁን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብሁት። «ባልዲ ይዤ አሥራ አራት እርምጃ» ይላል።

ቶራ፣ አባባ ከበሩ እስከ ፓምፑ ሰባት ይቆጥር ነበር። አንቺም በወጣትነትሽ ሰባት ትቆጥሪ ነበር። ቤቱ አልተንቀሳቀሰም። ፓምፑም አልተንቀሳቀሰም። ያንቺ ሁለት እርምጃ የአባባ አንድ እርምጃ ሆኗል። በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ አሥራ ስምንት ብለሽ የቀረጽሽው ዘጠኝ ነው። ባሕሩ ሦስት ዓመት አልጾመም፤ እሱ አንድ ሲበላ እግርሽም አንድ ሲያጥር ቁጥሩ እዚያው ቆሞ ቀረ። ሰውን እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

ዘጠኝ ከአሥር ያንሳል። የአባባ ሕግ ካለፈሽ ወራት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደቀረ አላውቅም።

ይህን ሰባት ሳምንት ያህል አውቄ ዝም አልሁ። ሴፕቴምበር ላይ የፓምፑን ነገር ጥዬልሽ ራስሽ ታነሺዋለሽ ብዬ ነበር። አላነሣሽውም። ፊት ለፊት እንዳልነግርሽ፣ ከየት አወቅህ ስትዪኝ ጣራው ሊነሣ ነው። ለአንድ ጣራ ብዬ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታውን ከወጣሽ በኋላ ረጅም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ውጪ። እለምንሻለሁ።

አስገር

*

ቶርሻቭን፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1984

ቶራ፣

አልጋሽን ወደ ባሕሩ ክፍል እንዳዛወርሽ የሚናገረው ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። አሥራ ስድስት ያልሽው ስምንት ነው።

ራዲዮው ካለፈው ዓርብ ጀምሮ በእናንተ በኩል ስላለው ማዕበል ብቻ ነው የሚያወራው። የቪጎ ስልክ አይጠራም። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ደወልሁ፤ አንዲት ሴት «የስካርቢ መንገድ ተዘግቷል፣ ጌታዬ፤ ዝርዝር የለንም» አለችኝ። ዝርዝሩ እህቴ ናት አልኋት። ስምሽን ጠይቃ ጻፈች።

መርከቡ አይነሣም። ቢነሣም ይህ እግር ይዞኝ አይሄድም። ኦሉቫ ከመስኮቱ አትነቃነቅም፤ ከዚህ መስኮት ያንቺ ባሕር እንደማይታይ ነግሬያታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ወዴት እንደምልከው ሳላውቅ ነው። በድሮው አድራሻ እልከዋለሁ።

አስገር

*

የአረጋውያን መኖሪያ፣ ክፍል 9፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1984

አስገር፣

ሰላምታ ኋላ። ስድብ መጀመሪያ።

ጣራ ላይ ወጣህ። በጽሑፍ ከልክዬህ ወጣህ። እግርህ ሲድን ደግመው ይስበሩልህ።

አድራሻዬን ካየህ በኋላ ሌላውን በእርጋታ ማንበብ ትችላለህና በተራው ልንገርህ። የ6ቱ ደብዳቤህ በ14 ደረሰ፤ በድሮው አድራሻ የላክኸውን ደግሞ ፖስተኛው እዚህ አምጥቶልኛል። አነበብሁትና ከዳቦው ሣጥን ሥር አስቀመጥሁት። ዳቦ በላሁ። በማግስቱ ባልዲውን ሳልይዝ ወደ ፓምፑ ሄድሁ፤ ጥፋቱን ባልዲው ላይ ላላክከው አስቤ ነበር። አሥራ አራት። ስመለስ አሥራ አምስት፤ ተናድጄ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለልጆች «ከመቁጠራችሁ በፊት መለኪያውን እዩ» ስል ኖሬ፣ መለኪያው የገዛ እግሬ ሲሆን ሳላየው ቀረሁ።

ቪጎ ቤት ሄጄ በሩን በበትሬ መታሁ።

«ና» አልሁት።

«መጥረጊያው የት አለ?»

«ቤት ነው። ና አልሁህ እኮ።»

«ልቁጠር ነው ወይስ ለእግሬ ጤና ልራመድ?»

«ቁጠር። ጮክ ብለህ ቁጠር።»

ፓምፑ ላይ ሰባት አለ። አላየኝም፤ ፓምፑን ነው ያየው። ከዚያ ወደ ባሕሩ በር ዞርን። ነፋሱ ስለበረታ ካፖርቱን በእጁ ጨምድዶ ይዞ ነው የሚራመደው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ደፉ ላይ ቆሜያለሁ። ሰባት ብሎ ቆመ።

«ቀጥል» አልሁት።

«ልቀጥል እችላለሁ፣ ቶራ» አለኝ፤ «ስምንተኛውን ግን ከታች ሆኜ ነው የምጮህልሽ።»

ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሰው ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሮበት ለመውጣት ሦስት ሰዓት ብቻ መፍጀቱ ያሳፍራል። የቪጎ ትራክተር ተሳቢ ላይ አልጋውን፣ መጻሕፍቱን፣ የማይሠራውን ስልክ ጫንን። በመጨረሻ በባሕሩ በር በግራው መቃን ላይ የተሰቀለውን የአባባን የዝናብ ካፖርት ላወርድ እጄን ዘረጋሁ። ታስታውሰዋለህ፤ እሱ ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ እማማ «ይሰቀል» ስላለች ተሰቅሎ ቀረ። እኔም አቧራውን ከላይ ከላዩ ብቻ ነበር የማራግፈው።

ከካፖርቱ ኋላ፣ እንጨቱ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። የእማማ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ይላል፦

48 — ፓምፕ 7
50 — ፓምፕ 8
52 — ፓምፕ 8 ተኩል
54 — ፓምፕ 9። እግሩ ነው።

አስገር፣ እማማ ታውቅ ነበር። አባባ በቀኙ መቃን ላይ በቢላ ቀርጾ ወደ ፓምፑ ሲሄድ፣ እሷ ተከትላው የፓምፑን ውኃ ልትቀዳ የምትወጣ መስላ የእሱን እርምጃ ትቆጥር ነበር፤ ቆጥራም በግራው መቃን ከገዛ ካፖርቱ ኋላ ትጽፈው ነበር። ሒሳቡን እዚያው ተሳቢው ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። ሰባን በሰባት አባዝተህ ለዘጠኝ ብታካፍለው ሃምሳ አራት ይመጣል። እኔ በዓመቱ ሃምሳ አንድ ቆጠርሁ። ባሕሩ በአንድ ክረምት አሥራ ዘጠኝ አልበላም። ሦስት ነው የበላው። ማንንም አክብሮ አልጠበቀም። መልካም ዓመታት አልነበሩም። መኰንኑ ጥቁሩን መሬት ይዞ በመጣ ቀን እማማ ወጥ ቤት ሆና እውነቱን ታውቅ ነበር፤ ሻዩን ቀድታላቸው ወጣች።

ባሏን ወደደችው፤ ዝም አለች፤ ዝምታዋ መሬቱን በላው። እስካሁን ልፈርድባት አልቻልሁም። አንተ ደግሞ ስለ ገዛ እግርህ አፍረህ ሰባት ሳምንት ዝም አልህ። ከዚያ ግን ተናገርህ፤ ይህን ያህል ትበልጣታለህ። ይቅርታህን አጭር አድርገው፤ ፖስተኛው ሰነፍ ነው።

ስለ ቤቱ አትጠይቀኝ። ከወጣሁ በማግስቱ ማዕበሉ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩ ሁሉ ጠፋ። ቪጎ ከቤቱ ወጥቶ እህቱ ዘንድ ከርሞ ኖሯል፤ ለዚያ ነው ያላገኘኸው። መንገዱ እንደተከፈተ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አየር ጠባይ ብቻ አወራኝ። አልጋዬን የት አዛውሬው እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ፊርማችንንም ማዘጋጃ ቤቱ ከእንግዲህ አይፈልገውም።

ቪጎ ከመውጣታችን በፊት ሁለቱንም መቃኖች በመጋዝ ቆርጦልኛል። «በር ሳይኖር መቃን ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። «አንተ ብቻ ቁረጥ» አልሁት። አሁን ከክፍሌ በር ግራና ቀኝ ቆመዋል። ጎረቤቴ የኮት መስቀያ መስሏት ልትሰቅል መጥታ ነበር፤ ከለከልኋት። በግራው ላይ ከእንግዲህ ምንም አይሰቀልም።

ዛሬ ጠዋት ቪጎ ሊጠይቀኝ መጣ። ከበሬ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን ሄድን። በእኔ እርምጃ አርባ አንድ፣ በቪጎ እርምጃ ሃያ። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ፤ አንዱን በቢላ፣ አንዱን በእርሳስ።

አሁን ሰላምታውን ውሰድ። ኦሉቫን ከመስኮቱ ይበቃሻል በላት።

እህትህ ቶራ